ከሕፃናት ጋር በድንኳን ማደር፦ ከድብ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ከሰል

ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ በኢትዮጵያ ክረምት ሲሆኑ፣ በሰሜን አሜሪካ ግን ፀሐይ የሚበረታባቸውና ትምህርት ቤቶች የሚዘጉባቸው ወራት ናቸው። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች፣ ልጆችን ከስክሪን ፊት አስነስቶ ከተፈጥሮ ጋር ለማገናኘት ከሚመቹ ስፍራዎች አንዱ ከከተማዋ 120 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው።

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1935 የተቋቋመውን ይህን ፓርክ፣ ስካይላይን ድራይቭ የተባለው 169 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያቋርጠዋል። በመንገዱ ላይ የሚፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ በካርታ ላይ አጭር የሚመስለው ጉዞ ጊዜ ይወስዳል። የደከመ ሕፃን ይዞ በጨለማ ድንኳን መትከል አድካሚ ስለሆነ፣ ቦታን አስቀድሞ መያዝና በቀን ብርሃን መድረስ ይመረጣል።

ቅዝቃዜውና ከሰሉ

ቢግ ሜዶውስ የተባለው የድንኳን ማደሪያ ስፍራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል። በተራራው ላይ ያለው ሙቀት ከሸለቆው በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ዝቅ ይላል። በከተማው ወበቅ ስስ ልብስ ብቻ ይዞ የተነሣ ቤተሰብ ሌሊቱ ሊቀዘቅዘው ይችላል።

ትልቁ አደጋ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ቡና የተፈላበትን ወይም ሥጋ የተጠበሰበትን የከሰል ምድጃ «ልጆቹን ያሙቅልን» ብሎ ወደ ድንኳን ማስገባት ለሞት ሊዳርግ ይችላል። ከሰል ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሆነ ሽታ የለውም። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ ኦክስጅንን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር፣ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቃል። ሕፃናት ከአዋቂዎች ይልቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱ ፈጥነው ይጎዳሉ።

ነበልባሉ ጠፍቶ አመድ የለበሰ ፍምም ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም። የድንኳኑን በር ገርበብ ማድረግም በቂ መከላከያ አይደለም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም የመመረዝ ምልክቶች ናቸው፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ ሊሞት ይችላል። ምልክቱ የታየበትን ሰው ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ወደ 911 መደወል ያስፈልጋል። በፓርኩ ብዙ ስፍራዎች የስልክ አገልግሎት ደካማ ስለሆነ፣ ስልክ የሚሠራበትን ቦታ ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

ለሙቀት የሚበጀው ሌላ ነው። መሬት የሰውነትን ሙቀት ስለሚስብ ከሥር ወፍራም ምንጣፍ ማንጠፍ፣ ከመኝታ በፊት ልጆችን ደረቅ ልብስ መቀየር፣ ካልሲና ኮፍያ ማልበስ ይገባል። ጨቅላ ሕፃንን ግን በአዋቂ የመኝታ ከረጢት ውስጥ ማስተኛት ለመታፈን ሊያጋልጠው ይችላል፤ ለእርሱ የሚሻለው በልኩ የተሠራ ሙቅ የመኝታ ልብስ ነው።

ምግብና ድብ

በሸናንዶዋ ጥቁር ድቦች ይኖራሉ። ወደ ድንኳኖች የሚስባቸው በአብዛኛው የምግብ ሽታ ነው። እንጀራና ወጡ፣ ቆሎው፣ የሕፃኑ ወተት፣ የጥርስ ሳሙናው ሳይቀር፣ ሽታ ያለው ነገር ሁሉ በተቆለፈ መኪና ወይም በስፍራው ለዚሁ በተዘጋጀ ሣጥን ውስጥ ማደር አለበት። የማገዶ እንጨትንም ከቤት ይዞ መሄድ አይገባም፤ ዛፎችን የሚያደርቁ ነፍሳት ከቦታ ወደ ቦታ የሚዛመቱት በእንጨት ጭምር ነው።

መዥገር

በአካባቢው ያሉ አንዳንድ መዥገሮች ላይም የተባለውን በሽታ ያስተላልፋሉ። ልጆችን ረጅም ሱሪና ካልሲ ማልበስ፣ ማታ ማታም ብብታቸውን፣ የጆሯቸውን ጀርባ፣ የጉልበታቸውን እጥፋትና የራስ ፀጉራቸውን መፈተሽ ይመከራል። የተጣበቀ መዥገር ሲገኝ በወረንጦ ቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ እንጂ፣ በእሳት መለብለብ ወይም ቅባት መቀባት አይገባም። የበሽታው ምልክት የሆነው እየሰፋ የሚሄድ ሽፍታ በጥቁር ቆዳ ላይ በግልጽ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ከጉዞው በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም የታየበት ልጅ ወደ ሐኪም ሲወሰድ፣ በድንኳን ማደሩን መናገር ያስፈልጋል። ፀረ ነፍሳት ቅባት ከ2 ወር በታች ለሆኑ ሕፃናት አይደረግም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ቤተሰብ በአንድ ሌሊት ቢጀምር ይበጃል። የቤት ግቢ ያለው ሰው ድንኳኑን አስቀድሞ እዚያው ቢተክል፣ የጎደለውን ዕቃ ተራራው ላይ ከመድረሱ በፊት ያውቃል፤ ልጆቹም ውጭ ማደርን ይለማመዳሉ።