ጨጓራን የሚጎዳው አሲድ ብቻ አይደለም

ሆዳቸውን ባቃጠላቸው ቁጥር «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» እያሉ የአሲድ መቀነሻ የሚውጡ ሰዎች ዘወትር ያጋጥሙኛል። የጉበት ሕመም ላለበት ሰው ግን መንስኤው ሌላ ሊሆን ስለሚችል ነገሩን ላብራራው።

ከጨጓራ፣ ከአንጀትና ከጣፊያ የሚመለሰው ደም ወደ ጉበት የሚገባው ፖርታል በተባለው ትልቅ ደም መልስ ነው። ጉበት በሄፓታይተስ ቫይረስ ወይም በአልኮል ጠባሳ ሲሞላ፣ አለዚያም በጣና ሐይቅ ዙሪያ የሚታየው የአንጀት ቢልሃርዚያ መተላለፊያውን ሲያጠበው ደሙ መውጫ ያጣል። በጤነኛ ሰው በጉበት መግቢያና መውጫ ደም ሥሮች መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ከ5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አይበልጥም። 10 እና ከዚያ በላይ ሲደርስ ጉዳቱ ይበረታል።

ጨጓራ ራሱን ከአሲድ የሚጠብቀው በዝልግልግ ፈሳሹ፣ በባይካርቦኔትና በተስተካከለ የደም ዝውውር ነው። ደም ሲታቆርበት የውስጥ ሽፋኑ ያብጣል፣ ኦክስጅን ያጥረዋል፣ በቀላሉም ይደማል። በኢንዶስኮፒ ሲታይ የእባብ ቆዳ ይመስላል።

ስለዚህ አሲድ መቀነሻ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ሐኪም እንደ ፕሮፕራኖሎል ያለ ግፊቱን የሚያወርድ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። የጉበት ሕመምተኞች አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ በራሳቸው ገዝተው እንዳይወስዱ አጥብቄ እመክራለሁ። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ወይም ደም የቀላቀለ ትውከት ካዩ «ጨጓራ ነው» ብለው አይዘናጉ፤ በፍጥነት ሆስፒታል ይሂዱ።