ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶ ሳለ ሰውየው ለምን ተለወጠ?

በአንጎሉ ውስጥ ያበጠ የደም ሥር ፈንድቶበት በክሊፕ የተዘጋለት ሰው ወደ ዳንግላ ወይም እንጅባራ ሲመለስ ደህና ይመስላል፤ ቤተሰቡም «ድኗል» ይላል። ድካሙ፣ መርሳቱና ቶሎ መቆጣቱ ግን ስንፍና ወይም የጠባይ ብልሽት አይደለም፤ የአንጎል ጉዳት ነው፤ ለዓመታት ሊቆይም ይችላል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ በአንዳንዶች ላይ የሚከተለው የሚጥል በሽታ ነው። «ጸበል ገብቻለሁ» ብሎ መድኃኒቱን በድንገት ማቆም አደገኛ ነው፤ ጸበሉና ክኒኑ አይጣሉም። የሚጥለው ሰው ምድጃ ዳር ወይም ጉድጓድ አፍ ብቻውን አይዋል። ሐኪም ሳይፈቅድም ፈረስ አይጋልብ (ጥር 23፣ የአገው ፈረሰኞች በዓል፣ ሲደርስ ይህን ለአገው ሰው መንገር ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ)።

የክሊፑን ዓይነት የሚገልጸውን ወረቀት አትጣሉ፤ ኤምአርአይ ሲታዘዝ ይጠየቃል። ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሆስፒታል ሂዱ።