እርከኑን ማን ይጠግነዋል?

ሐምሌ አጋማሽ ላይ የደጋው የጤፍ ማሳ ራቁቱን ነው። አራት አምስት ጊዜ ታርሷል፤ ጓሉ ተከስክሶ ደቅቋል፤ የጤፍ ዘር ልል አፈር ስለማይስማማው ብዙ ቦታ ከብት ተነድቶበት ተረግጧል። ዘሩ በተበተነ ማግስት የዓመቱ ኃይለኛ ዝናብ ይወርዳል፤ ቡቃያው መሬቱን እስኪያለብስ ደግሞ ገና ሳምንታት ይቀራሉ። ጠብታው የአፈሩን ቅንጣቶች ይበታትናል፤ ደቃቁ ቅንጣት የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ውኃውም መስረግ ሲያቅተው ቁልቁል መንገድ ይፈልጋል። መጀመሪያ ክር የምታህል መስመር ናት፤ ቀጥሎ ቦይ፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ በሬ የማያሻግር ቦረቦር። ዘሩ እንዳይታጠብበት የሰጋው ገበሬ በማረሻው ሰያፍ ፈሰስ ያወጣል። ፈሰሱ የእሱን ማሳ ያተርፍለታል፤ ውኃውን ግን ሰብስቦ የታችኛው ጎረቤት ላይ ይለቀዋል።

ለዚህ ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው። ግን ጤፍ የሚዘራበትን ወር እሱ አልመረጠውም፤ ተዳፋቱን እንዲያርስ ያደረገውም ከእጁ ያለው መሬት ማነስ ነው። እዳሪ ማሳደር በአያቶቹ ዘመን ነበር። ዛሬ ግማሽ ሄክታር ላይ ስድስት ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው መሬት አሳርፍ ማለት ጦም እደር ማለት ነው። እንጨቱ ስለመነመነም ወደ ማሳው ይመለስ የነበረው እበት ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል ወይም ከተማ ወርዶ ይሸጣል። ገለባውን ከብት ይበላዋል። አፈሩ ይሰጣል እንጂ አይቀበልም።

ከታች ዓለቱ እየፈረሰ አዲስ አፈር መሠራቱ አልቀረም። ሙቀትና ብርድ፣ ውኃ፣ ሥር፣ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ጥቁሩን ድንጋይ ቀስ እያሉ ይሰብሩታል። ስዊዘርላንዳዊው የመልክአ ምድር ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ በኢትዮጵያ የአፈር አፈጣጠር እንደየቦታው በዓመት በሄክታር ከ2 እስከ 22 ቶን እንደሚደርስ ገምቷል። ከሚታረስ መሬት የሚታጠበውን ደግሞ በአማካይ 42 ቶን አድርጎታል። 42 ቶን በሄክታር ሲነጠፍ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነው፤ በአንድ ክረምት ዓይን አያየውም። በ25 ዓመት ግን 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ያውም ፍግና ብስባሽ የያዘው፣ ሰብል የሚመገብበት የላይኛው ገጽ ነው የሚሄደው።

እነዚህ ቁጥሮች ዝም ብለው የመጡ አይደሉም። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የግብርና ሚኒስቴርና የበርን ዩኒቨርሲቲ ወሎ ውስጥ ማይባር፣ ሸዋ ውስጥ አንዲት ጥድ፣ ጎጃም ውስጥ አንጀኒና በሌሎችም ቦታዎች የምርምር ጣቢያ ከፍተው እያንዳንዱን ዝናብና ከማሳው የወረደውን ደለል ሲለኩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የደጋማው ኢትዮጵያ መሬት ጥናት ደግሞ ከደጋው በየዓመቱ 1.9 ቢሊዮን ቶን አፈር እንደሚነሣ፣ 2 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬትም ወደ እርሻነት ላይመለስ መሄዱን ገመተ። ብዙዎቻችን አፈሩን ሁሉ ዓባይ ይዞት የሚሄድ ይመስለናል። ጥናቱ እንዳለው ግን ወንዝ የሚወስደው አንድ አሥረኛውን ያህል ነው። የቀረው እዚሁ ይራገፋል፤ ችግሩ የሚራገፈው ለእርሻ በማይመች ስፍራ መሆኑ ነው። ያ አንድ አሥረኛም ቢሆን የቆቃን ግድብ በደለል እየሞላው ነው፤ ሱዳን ውስጥ የሮዜሬስን ግድብ ውኃ የመያዝ አቅም አሳንሷል።

መንግሥት ሳይነቃ ቀርቶ አይደለም። ከ66ቱ ረሃብ በኋላ በምግብ ለሥራ፣ ኋላም በዓለም ምግብ ፕሮግራም ትልቅ ድጋፍ ወሎን፣ ትግራይን፣ ሸዋንና ሐረርጌን እርከን በእርከን ያደረገ ሥራ ተሠራ። ሕዝቡ ስንዴና ዘይት እየተሰፈረለት ድንጋይ ካበ፣ ተራራ ከለለ፣ ባህር ዛፍ ተከለ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ግን በብዙ ቦታ ያው ሕዝብ ካቡን አፈረሰው፤ የገበሬ ማኅበሩን ደን ጨፈጨፈው። ይህ የድንቁርና ሥራ ተደርጎ ሲነገር ይሰማል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ መሬት በገበሬ ማኅበር በኩል ሲደለደልና ሲከፋፈል ነበር። ከርሞ የማን እንደሚሆን በማያውቀው ማሳ ላይ፣ የት እንደሚያልፍ ሳይጠየቅ የተሠራ ካብ የመንግሥት ካብ ነው። መንግሥት ሲሄድ አብሮ ሄደ።

ሌላም አለ፤ ስለዚህኛው ብዙ አይወራም። እርከን በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ጥቅም አይሰጥም። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ምናለ ካሴና ባልደረቦቹ የድንጋይ እርከን ያላቸውንና የሌላቸውን ማሳዎች ሲያነጻጽሩ ዝናብ አጠር በሆነው በትግራይ ባለ እርከኑ ማሳ የተሻለ ምርት ሲሰጥ አገኙት፤ ዝናብ በሚበዛበት የአማራ ደጋ ግን ያ ልዩነት አልታየም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በደረቅ አገር ካቡ የሚያቁረው ውኃ ሲሳይ ነው፤ በጎጃም ደጋ ያው ውኃ ከካቡ በላይ ተኝቶ ሰብሉን ቢጫ ያደርገዋል። በዚያ ላይ ካቡ ራሱ መሬት ይይዛል፤ አይጥ ይፈለፈልበታል፤ በተዳፋት ላይ ካብ ከካብ ሲቀራረብ ጥማድ በሬ መዞሪያ ያጣል። ገበሬው እነዚህን ሲናገር ሰነፍ መባል የለበትም፤ ከባለሙያው ቀድሞ የማሳውን ጠባይ አውቋል።

ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የተፋሰስ ልማት ዘመቻ በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ሚሊዮኖችን በነፃ ጉልበት ያሰማራል። በአጠቃላይ የአፈር ጥበቃ ሥራ ውጤት የለውም የሚል ሰው ከዘመቻው በፊት የነበረውን ትግራይን ይመልከት። የጌንት ዩኒቨርሲቲው ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ፍለጋ ወደ መቅደላ ሲዘልቅ የተነሡ ፎቶግራፎችን ይዘው እያንዳንዱ የተነሣበት ስፍራ ላይ ቆመው እንደገና አነሡ። ከ140 ዓመት በኋላ የታየው ተራራ ከጥንቱ ይልቅ ዛፍ የበዛበት፣ ካብ የያዘው ሆኖ ተገኘ። ሕዝብ በብዙ እጥፍ በጨመረበት አገር ይህ መታየቱ ለእኔ እጅግ ትልቅ ነገር ነው፤ የተጎዳ መሬት እንደሚያገግም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

የሚያንገበግበኝ ከዘመቻው በኋላ ያለው አሥር ወር ነው። ዘገባው የሚቆጥረው ዘንድሮ የተካበውን ኪሎ ሜትር ነው፤ አምና ከተካበው ስንቱ እንደቆመ የሚጠይቅ የዘገባ ቅጽ አላየሁም። እህሉ ከተሰበሰበ በኋላ ማሳው ለልቅ ግጦሽ ክፍት ይሆናል፤ ከብቱ ካቡን እየረገጠ ይንደዋል። በአንድ ቦታ የተሸነቆረ እርከን ደግሞ እርከን ከሌለው ማሳ ይብሳል፤ ተበታትኖ ይወርድ የነበረው ውኃ በዚያች ሽንቁር ተጠራቅሞ ይወጣና ከሥሩ ቦረቦር ይከፍታል። የግማሽ ቀን ጥገና ያድነው የነበረ ማሳ በሁለት ክረምት ገደል ይሆናል።

ኮንሶ ይህን ቀድሞ ፈትቶታል። ከ400 ዓመት በላይ የኖረው፣ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የድንጋይ እርከን በዘመቻ አልቆመም። የፈረሰውን ባለማሳው በወቅቱ ይክበዋል፤ ሲከብደው ጎረቤት ይሰበሰብለታል። ከብቱም በአብዛኛው ግቢ ታስሮ ይቀለባል፤ ፍጉ ተሸክሞ ወደ ማሳ ይወጣል። ካቡንና ከብቱን አንድ ላይ ያሰበ ሥርዓት ስለሆነ ነው የዘለቀው።

ከአዊ ዞን ደግሞ ማንም ያላዘዘው ምሳሌ አለ። በፋግታ ለኮማ ወረዳ አፈሩ በዝናብ ብዛት ታጥቦ አሲዳማ ሆኗል፤ ኖራ በብዛት ካልተጨመረበት ማዳበሪያውም አይሠራም፤ ኖራውን ማሳ ድረስ ማጓጓዝም ወጪው ከባድ ነው። ገበሬዎቹ ዲከረንስ የሚባለውን ግራር መትከል ያዙ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሐል ጤፍ ይዘራሉ፤ በአራተኛው በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ከሰል አድርገው ይሸጡና መሬቱን መልሰው ያርሱታል። ዛፉ ናይትሮጅን ይሰጣል፤ የረገፈው ቅጠል መሬቱን ያለብሳል። በአንድ ዛፍ ላይ ብቻ መደገፍ አደጋ እንዳለው በቅርብ ዓመታት የመጣው የፈንገስ በሽታ አሳይቷል። ቢሆንም ተዳፋቱ አረንጓዴ የሆነው በእንጨቱ ገቢ ነው።

ስለዚህ ከዘመቻው ቀናት የመጀመሪያዎቹ ለጥገና ብቻ ይሁኑ፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም የሚመዘነው በቆመው እርከን ይሁን። ካቡ ላይ ደሾ ወይም ሌላ የመኖ ሣር ይተከል፤ ያኔ የተወሰደው መሬት ለላም ቀለብ ይከፍላል። በዝናባማው ደጋ ከካቡ በፊት የውኃው መውጫ ይታሰብ። የይዞታ ደብተር ያገኙ ገበሬዎች በማሳቸው ላይ እርከን የመሥራት ፍላጎታቸው እንደጨመረ በአማራ ክልል የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ደብተሩ እንዲታመን ግን ድልድል ይመጣል የሚለው ወሬ መቆም አለበት።

ከሁሉ የሚከብደው የወል መሬቱ ነው። ቦረቦሩ የአሥር ሰው ማሳ አቋርጦ፣ አንዳንዴ ከቀበሌ ቀበሌ ተሻግሮ ይወርዳል፤ ከላይ ያለው ተራራ ባለቤት የለውም። በአንዳንድ ወረዳዎች የተከለለው ተራራ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ተሰጥቶ ንብ ያነቡበታል፤ ሣር አጭደው ከብት ያደልቡበታል። ብዙዎቹ የያዙት በቃል ስምምነት ነው፤ ተራራው ሲያገግም ሌላ ፈላጊ ይመጣበታል። ለእነዚህ ልጆች ዓመቱ የተቆረጠ፣ ወሰኑ የተለካ ውል መስጠት የወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በራሱ ሊፈጽመው የሚችለው ሥራ ነው።