በእናት ስም የመጣ ዳቦ

«ካርዱን መንጠቅ ነው!» አለኝ ወዳጄ፡፡ ጊዜው የካቲት 2016 (እ.ኤ.አ.) ነበር፡፡ ቡና እየጠጣን፣ የዌልፌር ገንዘብ አጭበረበሩ ስለተባሉት ብዙ ሚስት አግቢዎች እናነባለን፡፡ «እውነትህን ነው» አልኩት፡፡ ያን በማለቴ ዛሬ ይቆጨኛል፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ዋናው የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን በ1890 ብዙ ማግባትን ሲያስቀር «አንተውም» ካሉት ወገኖች አንዱ ኤፍ.ኤል.ዲ.ኤስ. ይባላል፡፡ መናኸሪያው በዩታና በአሪዞና ድንበር ላይ ያሉት ሂልዴልና ኮሎራዶ ሲቲ ነበሩ፡፡ ሕግ የሚያውቀው አንዷን ሚስት ብቻ ነው፡፡ ሌሎቹ በወረቀት ላይ ባል የሌላቸው እናቶች ናቸውና ፉድ ስታምፕና ሜዲኬይድ በየስማቸው ይጠይቃሉ፡፡

ክሱ የተነሣው ከዚህ ወዲያ ባለው ላይ ነው፡፡ ዐቃቤ ሕግ በ2016 አሥራ አንድ ሰዎችን ሲከስ፣ በካርዱ የተገዛው ምግብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የጋራ ጎተራ ይገባ ነበር፤ አንዳንዴም ዕቃ ሳይሰጥ ካርዱ ብቻ በሱቃቸው ይፋቅ ነበር፤ ጉዳቱም ከ12 ሚሊዮን ዶላር ይበልጣል አለ፡፡ ከመሪዎቹ አንዱ ላይል ጄፍስ በ2017 ጥፋቱን አምኖ 57 ወር ተፈረደበት፡፡ ስሙ የእናት፣ ሥልጣኑ የአለቃ!

እርጉዟስ? በዚያው ማኅበረሰብ በ1990 አንድ ሐኪም ፉማሬዝ የተባለ ኤንዛይም እጥረት ያለበት ሕፃን አገኘ፤ ሌሎችም ተከተሉ፡፡ በሽታው አእምሮን ክፉኛ ይጎዳል፣ ያንዘፈዝፋል፡፡ ዘመድ ከዘመድ ሲጋባ ይበረታል፡፡ ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ ከሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል አለ፡፡ እንዲህ ያለች እናት ከሁሉ ይልቅ ሐኪም ያስፈልጋታል፡፡

ታዲያ እንዴት አምና ትሂድ? በ1953 የአሪዞና ፖሊስ መንደሩን ወርሮ ከ200 በላይ ሕፃናት ወሰደ፤ ሁለት ዓመት ያህል የጠበቁ እናቶች ነበሩ፡፡ በ2008 ቴክሳስ ከ400 በላይ ልጆች ወሰደች፤ ፍርድ ቤት አብዛኞቹን አስመለሰ፡፡ በዚያ ግቢ የሕፃናት መደፈር እውነት ነበር፤ መሪው ዋረን ጄፍስ በ2011 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበታል፡፡ ነገር ግን ነጭ ጋውንና የፖሊስ ልብስ ለእናቲቱ አንድ ሆነው ቀሩ፡፡

ዩታ በ2020 በፈቃደኛ ዐዋቂዎች መካከል ያለውን ብዙ ማግባት ከከባድ ወንጀል ወደ ቀላል ደንብ መተላለፍ ዝቅ አድርጋለች፡፡ ደጋፊዎቹ «ተጎጂዋ ሳትፈራ ትምጣ» አሉ፤ ከዚያ ሕይወት ያመለጡ አንዳንድ ሴቶች ግን ተቃወሙ፡፡ ፍርዱን ለአንባቢ እተወዋለሁ፡፡

ለወዳጄ ግን መልስ አለኝ፡፡ ካርዱ ሲነጠቅ አለቃው አይራብም፤ የሚራበው በማህፀን ያለው ነው፡፡ ሌባውን ያዙ፤ ካርዱን ግን በእናቲቱ እጅ አኑሩት፡፡