የአየር ንብረት ፈተናና የልማት ብልኃት በደቡብ እስያ

ባንግላዴሽ የጋንጀስ፣ የብራህማፑትራና የመግና ወንዞች ባመጡት ደለል ላይ የተቀመጠች አገር ናት፤ ሰፊው ክፍሏ ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ አይልም። ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ አውሎ ነፋስ ሲነሣ አብዛኛውን ሰው የሚገድለው ነፋሱ ሳይሆን ነፋሱ እየገፋ ወደ የብስ የሚያስገባው ማዕበል ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የቦላ አውሎ ነፋስ ከ300,000 ያላነሰ ሕዝብ ፈጀ፤ በ1991 የመጣውም 140,000 ያህል ገደለ። በ2020 አምፋን የተባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ ሲደርስ ግን ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው አስቀድሞ መጠለያ ገብቶ ስለነበር በአገሪቱ የሞቱት ሰዎች ቁጥር መቶ አልሞላም።

የሳተላይት ትንበያ ለዚህ ረድቷል፤ ትንበያውን እስከ ጎጆው ደጃፍ የሚያደርሰው ግን ሰው ነው። መንግሥትና ቀይ ጨረቃ ከ1970ው እልቂት በኋላ ያቋቋሙት የበጎ ፈቃደኞች መረብ ዛሬ ከ70,000 በላይ አባላት አሉት። ባንዲራ ይሰቅላሉ፣ በድምፅ ማጉያ ያስጠነቅቃሉ፣ አቅመ ደካሞችን ደግፈው ያወጣሉ። ግማሽ ያህሉ ሴቶች መሆናቸው ትልቅ ቁም ነገር ነው። በ1991 ከሞቱት የሚበዙት ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ያለ ወንድ ዘመድ ቤት ጥሎ መውጣትን፣ ከባዕድ ወንዶች ጋር በአንድ መጠለያ ማደርን ፈርተው ቀርተዋል። ዛሬ በርካታ መጠለያዎች በአዘቦት ቀን ትምህርት ቤት ስለሆኑ ሕዝቡ መንገዳቸውን አሳምሮ ያውቀዋል።

ነፍስን ማትረፍ የተቻለውን ያህል ኑሮን ማትረፍ አልተቻለም። ማዕበሉ ሲመለስ ጨው ጥሎ ይሄዳል። በደቡብ ምዕራብ ባንግላዴሽ ሩዝ ይበቅልበት የነበረ ብዙ ማሳ የሽሪምፕ ኩሬ ሆኗል፤ ሽሪምፑ የውጭ ምንዛሪ ቢያስገኝም ጥቂት ሠራተኛ ብቻ ስለሚፈልግ መሬት አልባው ገበሬ ወደ ከተማ ይሰደዳል። ከደቡብ እስያ ውጭ፣ በቬትናም የሜኮንግ ዴልታም የላይኛው ተፋሰስ ግድቦች ደለሉን ስላስቀሩበትና አሸዋው ለግንባታ ስለሚዛቅ በበጋ የባሕር ውሃ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገባል።

ከግብርና ምርምር ውጤቶች ጎልቶ የሚጠቀሰው ጎርፍ የሚችለው ሩዝ ነው። መነሻው የሕንድ ኦዲሻ ገበሬዎች ያቆዩት ነባር ዘር ሲሆን፣ ፊሊፒንስ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም ባሕርዩን ምርታማ ወደሆኑ ዝርያዎች አዛውሮታል። ቡቃያው ሁለት ሳምንት ያህል ውሃ ቢውጠውም አይሞትም።

በኃይል ዘርፍ ባንግላዴሽ ከ2003 ጀምሮ በአነስተኛ ብድር ከአራት ሚሊዮን በላይ የገጠር ቤቶችን በፀሐይ ብርሃን አብርታለች። የመብራት መስመሩ ገጠሩን ሲያዳርስ ግን ብዙዎቹ መሣሪያዎች ሥራ ፈቱ። በፓኪስታን የመብራት ታሪፍ መናር አቅም ያለውን ሁሉ ወደ ፀሐይ ፓነል ገፍቶታል፤ የኃይል ማመንጫዎቹ ዕዳ ፓነል መግዛት ባልቻለው ድሃ ላይ እየከበደ መምጣቱ ሊዘነጋ የማይገባው ገጽታው ነው።

በኔፓል የበረዶ ግግር እየቀለጠ የሚፈጥራቸው ሐይቆች እንዳይፈነዱ በ2000 የጾ ሮልፓ፣ በ2016 የኢምጃ ሐይቅ ውሃ በሦስት ሜትር ያህል እንዲቀንስ ተደርጓል። የሕንዷ አህመዳባድ በ2010 ከደረሰባት ገዳይ ሙቀት በኋላ በ2013 የማስጠንቀቂያና የሆስፒታል ዝግጅት ዕቅድ አወጣች፤ ሌሎች ከተሞችም ተከተሏት።

ገንዘቡ ግን ከሁሉ ይከብዳል። የ2022ቱ ጎርፍ በፓኪስታን 33 ሚሊዮን ሕዝብ ጎድቶ ከ1,700 በላይ ገድሏል፤ ጉዳቱና ኪሳራው ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተገምቷል። አገሪቱ ወደ ከባቢ አየር የምትለቀው በካይ ጋዝ ከዓለም አንድ በመቶ አይሞላም። ኢትዮጵያም ከ2016 እስከ 2018 የመራችው የተጋላጭ አገሮች መድረክ ለዓመታት ሲጠይቀው የቆየው የጉዳትና ኪሳራ ፈንድ በ2022 ሻርም ኤል ሼክ ላይ በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ተፈቀደ። በ2023 መጀመሪያ ጄኔቫ ላይ ለፓኪስታን መልሶ ግንባታ ቃል ከተገባው ከ9 ቢሊዮን ዶላር በላይ አብዛኛው ግን ብድር ነበር።