አሮጌዋ ፒክ አፕ እና የቤተሰቡ በጀት

በደብረ ዘይት፣ በዛሬው ስሟ በቢሾፍቱ፣ ዶሮ አርብታ እንቁላሉን አዲስ አበባ ለምታደርስ፣ ወይም አትክልት በጅምላ እያወጣች ለምትቸረችር እናት አሮጌ ፒክ አፕ መግዛት እንደ ቅንጦት የሚቆጠር አይደለም። ለሰው መኪና በየጊዜው የሚከፈለው ኪራይ ሲደማመር የራስን ማሰብ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ አንዳንድ ቤተሰብ ዕቁቡንና ቁጠባውን አሟጦ መኪናዪቱን ከገዛ በኋላ ለጥገና የሚሆን ሳንቲም አይተርፈውም። መኪናዋም ግቢ ውስጥ ቆማ የልጆች መጫወቻ ትሆናለች።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ከውጭ ማስገባት ስላስወደደው፣ አገር ውስጥ የቆዩት እያረጁም ዋጋቸው እምብዛም አይወርድም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ፣ ከ58 ብር በታች ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ስላለፈ መለዋወጫው አብሮ ተወደደ። ስለሆነም ጎረቤትዎ ካቻምና የከፈሉትን የጥገና ዋጋ ይዘው አይደራደሩ። መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄደው፣ ወይም ሰው ልከው፣ የፍሪሲዮኑን፣ የራዲያተሩንና የጎማውን የዛሬ ዋጋ አስቀድመው ይጠይቁ።

ሻጩን በመጀመሪያ የሚጠይቁት መኪናዋ የት ስትሠራ እንደ ኖረች ነው። ከአዲስ አበባ በነቀምት፣ በመንዲና በባምባሲ አድርጋ አሶሳ ስትመላለስ የኖረች ፒክ አፕና ከተማ ውስጥ የዋለች ፒክ አፕ የኪሎ ሜትር ቁጥራቸው አንድ ቢሆንም ዕድሜያቸው አንድ አይደለም። ያ መንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ቆላው ራዲያተሩን፣ የክረምቱ ጭቃ ኩሽኔታውንና የፍሬን ሸራውን ይፈትናል። ጭቃው ሻንሲው ውስጥ ገብቶ ሲከርም ብረቱን ይበላዋል። አሜሪካን አገር በክረምት መንገድ ላይ በሚበተነው ጨው ሻንሲያቸው ለዛገ የቶዮታ ፒክ አፖች ኩባንያው በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር በሚገመት ስምምነት ክሱን መጨረሱ ይታወሳል። እኛ ዘንድ ጨው አይበተንም፤ የኛ ሻንሲ የሚሰነጠቀው በጭነት ነው። አንድ ቶን ገደማ እንድትሸከም በተሠራች ሃይሉክስ ላይ 15 ኩንታል መኖ የሚጭን ሰው ባሌስትራውን አጥፎ ሻንሲውን ለብየዳ ይዳርጋል። ስለዚህ ቀለሙ አያታልልዎ፤ ከሥር የተበየደ ቦታ ካለ ብልኅ መካኒክ ተንበርክኮ ይይልዎት።

ሞተሩን የሚያዩት ጠዋት፣ ሳይሞቅ ነው። ሻጩ አስቀድሞ አስነሥቶ ከጠበቀዎት ሌላ ቀን ይመለሱ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው፤ የማያቋርጥ ነጭ ጭስና የራዲያተር ውኃ መጉደል የጓርኒሲዮን ወይም የቴስታታ ነገር ነው፤ ጥቁሩ የናፍጣ አረጫጨት ጉድለት ነው። ከሦስቱ ኪስ የሚያራቁተው የመጀመሪያው ነው፤ ሞተሩ ወርዶ ፋሻ መቀየርና ቶርኖ ቤት መሄድ ይመጣልና።

ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በመጡት ዲ ፎር ዲ በሚባሉት ሃይሉክሶች ላይ አንድ የተለየ ጣጣ አለ። በናፍጣ መርጫው ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ስትለቅ ጥላሸት ወደ ዘይቱ ይገባል፤ ከዘይት ማጠራቀሚያው ግርጌ ያለውን ወንፊትም ይደፍናል፤ ዘይት ወደ ላይ አልደርስ ሲል ሞተሩ ይነክሳል። ለቀለበቷ የሚወጣው ገንዘብ ከሞተሩ ጋር ሲወዳደር ከምንም አይቆጠርም። የታይሚንግ ቺንጋም እንዲሁ ነው፤ እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ100 እስከ 150 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ይቀየራል፤ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ። መቼ እንደ ተቀየረ ማስረጃ ከሌለ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩትና ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ።

በእኔ አስተያየት መኪናው ከሚገዛበት ገንዘብ ከአሥር እጅ ሁለቱን ያህል ሳይነኩ ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና ማስቀመጥ ይበጃል። ከዚያም ላይ ጎማና ፍሬን ይቅደሙ። በአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ በሳሳ ጎማ መክነፍ ከወፍጮ ቤት መኖ ማመላለስ ጋር አንድ አይደለም። ልጆችንም ከጭነቱ ጋር ከኋላ አይስቀሉ።

ውሉን ከመፈረምዎ በፊት የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከር፤ የባንክ ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለበትም ይጣራ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባለቤቱም ትፈርም። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዋጋው ከ500 ብር የሚበልጥ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት አይሸጥም፤ ክልሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው በአካባቢዎ ያለውን ይጠይቁ። 500 ብር ዛሬ የአንድ ጎማ ዋጋ እንኳ አይሆንም፤ እርስዎም ነገ መኪናዪቱን ሲሸጡ ይኸው ፊርማ ይፈለግብዎታል።