ቀረጥ ይጨመር ያሉት አስመጪ
(ዘመናቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)

ዕቃ ከውጭ አገር የሚያስመጣ ነጋዴ የጉምሩክ ቀረጥ ከፍ ይበል ብሎ ሲከራከር መስማት እንግዳ ነገር ነው። በካናዳ ይኖሩ የነበሩት ሚስተር አይዛክ ቡካናን ግን ይህንኑ አድርገዋል። ምክንያታቸውም የሚገኘው በራሳቸው የንግድ መዝገብ ውስጥ ነው።

ሚስተር ቡካናን በ1810 በስኮትላንድ፣ በግላስጎው ከተማ ተወለዱ። በ1830 ወደ ካናዳ ተሻገሩና ከወንድማቸው ከፒተር ጋር የጅምላ ንግድ አቋቋሙ፤ በ1840 በሃሚልተን ከተማ መደብር ከፈቱ። የንግዱ አካሄድ እንዲህ ነበር፤ ወንድማማቾቹ ጨርቃ ጨርቅና ሌላም ሸቀጥ ከብሪታንያ በዱቤ ያስመጣሉ፤ ለገጠር ባለሱቆች በዱቤ ያከፋፍላሉ፤ ባለሱቁም በበኩሉ ለገበሬው በዱቤ ይሰጣል። ገበሬው ዕዳውን የሚከፍለው ስንዴው ሲሸጥ ነው። እንግዲህ የስንዴ ዋጋ በወደቀ ጊዜ ገንዘቡ ከገጠር ሱቅ ጀምሮ እስከ ግላስጎው ድረስ ተይዞ ይቀራል ማለት ነው።

ብሪታንያ በ1846 ከባዕድ አገር በሚገባ እህል ላይ የነበረውን ከባድ ቀረጥ ለማንሣት ስትወስን፣ የካናዳ ስንዴ በዚያ ገበያ የነበረውን ብልጫ የሚያጣ ሆነ። ሚስተር ቡካናን ውሳኔውን አጥብቀው ተቃወሙ። ከዚያም ወዲህ ገበሬው በአጠገቡ ገዢ እንዲያገኝ በአገር ውስጥ ፋብሪካ ይቋቋም፣ ፋብሪካውም በቀረጥ ይጠበቅ እያሉ ይከራከሩ ነበር። ሐሳቡን የማይቀበሉ አስመጪዎች ብዙዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ደንበኛው መክፈል ያቃተው ነጋዴ ክርክሩን በቀላሉ የሚንቀው አይመስለንም።

በ1841 ከቶሮንቶ ተመርጠው የካናዳ ጠቅላይ ግዛት ምክር ቤት አባል ሆኑ፤ በ1843 ለቀቁ። በ1845 የሃሚልተን የንግድ ምክር ቤት ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። በኋላም የሃሚልተን እንደራሴ ሆነው ወደ ሸንጎው ተመለሱ። በ1859 የገንዘብ ሚኒስትሩ ጎልት በብዙ የፋብሪካ ውጤቶች ላይ ቀረጡን 20 በመቶ አደረሱት፤ ሚኒስትሩ የፈለጉት በይበልጥ የመንግሥትን ገቢ ቢሆንም፣ ሚስተር ቡካናን የተመኙት በከፊል ተፈጸመ።

የጎዳቸው የባቡር ሐዲድ ነው። በ1856 የአንድ መስመር ዳይሬክተሮች ሥልጣናቸውን እንዲለቁላቸው 25,000 ፓውንድ ለመስጠት ተስማሙ፤ ነገሩ ተገልጦ ስማቸውን አጎደፈው፣ ገንዘባቸውንም በላው። በግላስጎው ተቀምጠው የዱቤውን ገመድ የሚይዙት ወንድማቸው ፒተር በ1860 ሞቱ። ሚስተር አይዛክ ግን ከሸንጎው አልራቁም፤ በ1864 ለጥቂት ወራት የመንግሥቱ አማካሪ ጉባኤ ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደረሱ። ንግዱ በ1867 ከሰረ። እርሳቸውም በ1883 በሃሚልተን ዐረፉ፤ ኦክማር ይሉት የነበረው ሰፊ ቤታቸው ዛሬም በዚያው ቆሟል።